ስለ ጎረቤታችን ስለ ፍስሐ አቤቱታ፣ ለባለቤቴ ለታደሰ

ውድ ታዴ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ሦስተኛው የበረዶ ወራት ሊያበቃ ነው። ስለ ቤታችን ከመጻፌ በፊት አንድ ወሬ ላስተካክል፤ ያለህበት ድረስ ደርሶ ከሆነ እውነቱን ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። እኔ እስረኛ ወንድ አልወደድሁም። ከማንም እስረኛ ጋር ደብዳቤ አልጻጻፍም፤ ሲፈታ ላገባውም አልተስማማሁም። ይህን ያስወሩት የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ናቸው። ከእነሱ አንዷ አጸደ ሳቋን እየዋጠች በስልክ ነገረችኝ። «ኧረ ጽጌ፣ በዚህ ዕድሜሽ ፈረንጅ እስረኛ ይዛለች እያሉሽ ነው!» አለችኝ። ፈረንጅ መሆኑ እውነት ነው። እስረኛ መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ሰውየው ሲሞት ያንተም የእኔም አያቶች ገና ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። ወሬ ስታወሩ ቢያንስ ዘመኑን ጠይቁ ብያታለሁ፤ ታድርስልኝ።

ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሻይ እየጠጣን ሳለን ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ «የእኔ እስረኛ ምሕረት አገኘ!» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርሁ። የቀረውን እነሱ ጨመሩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንተን ከቀበርን በኋላ ልጃችን ሂሩት በየእሑዱ ከካልጋሪ እየደወለች «እማዬ፣ ከቤት ውጪ» ትለኝ ነበር። የት ልውጣ? ዳንፎርዝ ጎዳና ወርጄ ሽንኩርት ገዝቼ መመለስ መውጣት አይደለም አለችኝ። በመጨረሻ ራሷ አፈላልጋ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ጋር አገናኘችኝ። በየረቡዑ የምንሰበሰብ በጎ ፈቃደኞች ነን፤ ሥራችን የድሮ የእጅ ጽሑፍ እያነበብን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። የምንገለብጠው የምሕረት አቤቱታ ነው። ዛሬ እኛ በምድር ባቡር በምንመላለስበት በዚህ አካባቢ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ዐመፅ ተነሥቶ ነበር። ከተያዙት ሰዎች ጥቂቶቹ ተሰቀሉ፤ ሌሎቹን በመርከብ ጭነው ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ፣ ከአውስትራሊያ በታች ወዳለች ደሴት አጋዟቸው። እዚያ ድንጋይ ሲፈልጡ፣ መንገድ ሲሠሩ ኖሩ። እነሱ ከደሴቲቱ ሆነው «ማሩን»፣ ሚስቶቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ከዚህ ሆነው «ማሩልን» እያሉ ለአገረ ገዢውና ለንግሥቲቱ ይጽፉ ነበር።

ወጣቶቹ ፈቃደኞች ጎበዞች ናቸው፤ ነገር ግን የተያያዘውን የእንግሊዝኛ ጽሕፈት አልተማሩትም። እኔን ያስተማረችኝን ያቺን የአዳሪ ትምህርት ቤት መምህርት ታውቃታለህ፤ ከመስመር የወጣች ፊደል ባየች ቁጥር በማስመሪያ ጣቴን ትመታኝ ነበር። ስለዚህ ማንበቡ አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላ ነው፤ ደንቡ ስሕተቱን እንዳለ ገልብጡ ይላል። አስበው እስቲ ታዴ! ሰውየው የተሳሳተውን እያየሁ፣ እያወቅሁ፣ እኔም ተሳስቼ ልጻፍ! መጀመሪያ ላይ ሰርቄ ሳስተካክል ተይዣለሁ። አስተባባሪያችን ኤሚሊ የምትባል ልጅ ናት፤ ሳቀችና «ጽጌ፣ የሚናገረው እሱ ነው፣ አንቺ አይደለሽም» አለችኝ። በባዶ ስሜ መጥራቷን አሁን ለምጄዋለሁ።

ለእኔ የደረሰኝ የአንድ አናጢ ጉዳይ ነው። ሰውየው ከደሴቲቱ የጻፈውን ስታነበው የአገራችን ሰው የጻፈው ይመስልሃል። ከእግር ሥር መውደቅ አለ፣ እንባ አለ፣ የገዢው ደግነት ከባሕር መስፋቱ አለ፤ ራሱን ትል ብሎ ይጠራል። ገጹ አልቆ ግን ሰውየው ማን እንደሆነ አላወቅሁም። የሚስቱ ግን አጭር ነው። ባሏ በረዶ ሳይወርድ የየትኛዋን መበለት ጣራ እንደጠገነ፣ የማንን ሕፃን የሬሳ ሣጥን እንደሠራ፣ ድልድዩ ሲሰበር ለመጠገን ማን ማን አብረውት እንደወጡ ትናገራለች። ከሥሩ ጎረቤቶቿ ፈርመዋል፤ መጻፍ የማይችሉት መስቀል አድርገዋል። ከፈራሚዎቹ አንዱ በአጥር ድንበር ከአናጢው ጋር ተካሶ የነበረ ሰው ነው። እሱ ፊርማው ብቻ አልበቃውም፤ ተጣልተን እንደነበር ይታወቅልኝ፣ ቢሆንም ይመለስልን የሚል ጨምሮበታል።

ይህን ሳነብ አንተ ትዝ አልኸኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አቤቱታ አንብበህ ስትመለስ እራት ላይ ታማርር ነበር፤ «ይህ ሁሉ ወረቀት እጅ የሚይዘው አንድ ነገር የለውም፤ ዳኛው ምኑን ጨብጦ ይፍረድ?» ትለኝ ነበር። የአናጢውን ሚስት ብታገኛት ኖሮ ሥራ ትቀጥራት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፍስሐን አትረሳውም፤ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖረው፣ ዳንፎርዝ ላይ ካለው ዳቦ ቤት የሚሠራው። በዚያ ነሐሴ በከተማው ሁሉ መብራት የጠፋ ዕለት አንተ ከሐኪም ቤት ተመልሰህ ከምድር ቤቱ በር ላይ ቀረህ። አሳንሰሩ ቆሟል፤ አንተ ሦስት ደረጃ ወጥተህ ትንፋሽህ ያጥርሃል። ፍስሐ ከዘበኛው ክፍል ወንበር አምጥቶ አስቀመጠህ፤ ያ ግሪካዊው ጎረቤታችን ኮስታስ ደግሞ ሳይጠራ መጥቶ በግራ በኩል ያዘ። በዚያ ጨለማ ደረጃ ላይ በእጅ ባትሪ ብርሃን ወደ ላይ ሲያወጡህ አንተ እንደ መስፍን ተደላድለህ «ቀስ! ወደ ቀኝ! ግድግዳውን!» እያልህ ታዝዝ ነበር። እኔ ከኋላ መድኃኒትህን ይዤ ሳቅና ፍርሃት አንድ ላይ ያዘኝ። ቤት ስንደርስ ኮስታስ ላቡን ጠርጎ «ቆዳና አጥንት ነው ብዬ ነበር፤ ይህ ሰውዬ ብረት ነው የሚበላው?» አለ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ከልብህ ስትስቅ ያየሁህ አይመስለኝም።

ፍስሐ ይህን ሁሉ ዓመት ያለ መኖሪያ ፈቃድ እንደነበረ አንተም እኔም አናውቅም ነበር። ስደተኛነቱን ዳኞቹ አልተቀበሉትም። እናቱ ካረፈች ወዲህ በአገሩ የሚጠብቀው ቤት የለውም፤ ያፈሰሰው ዕድሜና ጉልበት ሁሉ ያለው እዚህ ነው። የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ በሰብአዊነትና በርኅራኄ አስቀሩኝ ብሎ ማመልከት። ማመልከቱን እንኳ የሰማሁት ከተከለከለ በኋላ ነው። አንድ ቀን ማታ በሬን አንኳኩቶ ሳይቀመጥ «እትዬ፣ ሎየሬ ኮል አድርጋ ነበር፤ ሪፊውዝ ተደርጓል አለችኝ» አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን «ጠበቃዬ ደውላ ነበር፣ አልተፈቀደም አለችኝ በል» እለው ነበር። ያን ቀን ወንበር ሳብሁለት።

መልሱን ቁጭ ብዬ አነበብሁት። በዚህ አገር ሥር መስደዱን የሚያሳይ ነገር የለም ይላል፤ የራሱ ምስክሮች እንኳ ከሰው ጋር ግንኙነት የለውም ብለዋል ይላል። እንዴት ያለ ውሸት ነው ብዬ የምስክሮቹን ወረቀት እንዲያመጣ አደረግሁ። ታዴ፣ ሁሉም የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም የጻፉት አንድ ዓይነት ነው። ፍስሐ ጨዋ ልጅ ነው። ድምፁ አይሰማም። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነው። ከማንም አይደርስም። አየህ፣ ያለንን ምስጋና ሁሉ አውጥተን ሰጠነው! በእኛ ዘንድ አማች የሚሆን ልጅ ከዚህ በላይ አይመሰገንም። ማመልከቻውን የሚያየው ሹም ግን ምን ያንብብ? ስንት ዓመት በከተማው ኖሮ ማንም የማያውቀው፣ ቢሄድም ማንም የማያጣው ሰው ነው ያነበበው። የሚያሳዝነው ደግሞ እውነት አለመሆኑ ነው። ፍስሐ የማይደርስበት ሰው አለ እንዴ? የእሱ ችግር ከሁሉ መድረሱ ነው።

ራሱ የጻፈውን አየሁት፤ ከልደቱና ከሥራው በቀር ምንም የለበትም። «ለምን አልተናገርህም?» ብለው አንገቱን ደፍቶ «ራሴን እንዴት ላመስግን እትዬ? ነውር አይደለም?» አለኝ። ነውር ነው አልሁት። ነውር ነው፤ ስለዚህ ሌላው ይናገራል።

ጠበቃዋ እንደገና ማመልከት ይቻላል፣ የሚሄድበት ቀን ግን ሊቆረጥ ስለሚችል ፍጠኑ አለችን። በቤተ ክርስቲያን ስናማክር ጋሽ በቀለ ከልባቸው «ሽማግሌ ሆነን፣ ድንጋይ ተሸክመን ከሹሙ ደጅ እንውደቅ» አሉ። «ጋሼ፣ ደጁ ላይ የምናገኘው ዘበኛውን ነው፤ ድንጋዩንም ይቀማናል» አልኋቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። ሐሳባቸው ግን ልክ ነበር። ምሕረት የሚለመነው በሰው ነው። እኛ የረሳነው ሰዎቹ የእኛ ብቻ መሆን እንደሌለባቸው ነው።

በነጋታው ኮቴን ደርቤ፣ መነጽሬን ሰቅዬ፣ ከምድር ቤት ጀምሬ በር ማንኳኳት ያዝሁ። የአናጢው ሚስት በበረዶ በእግሯ ከእርሻ እርሻ ዞራለች፤ ለእኔ አሳንሰር አለኝ። ዓይናቸው የደከመው ጃማይካዊው ሚስተር ዊንስተን፣ ፍስሐ በየቅዳሜው ዳቦ ይዞ መጥቶ የክሪኬት ጨዋታ ውጤት ከጋዜጣ እንደሚያነብላቸው ነገሩኝ። «ከክሪኬት አንዲት ነገር አያውቅም! ቁጥሩን ሁሉ ገለባብጦ ያነባል፤ እኔ ግን ሌላ አንባቢ አልፈልግም» አሉኝ። እንዲህ ብለው ይጻፉ አልኋቸው። አራተኛው ፎቅ ላይ ያለችው ነርስ ሥራ ሲያመሻት ልጇን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚቀበልላት እሱ እንደሆነ ስትነግረኝ እንባዋ መጣ፤ እንባውን ትተሽ የአውቶቡሱን ነገር ጻፊ አልኋት። ጨካኝ እንዳልሆንሁ ታውቃለህ። እንባ ማንም ሊጽፈው ይችላል።

የኮስታስ ጉዳይ ግን አስቸጋሪ ነበር። ፍስሐ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ታጥቦ ያለቀ ልብስ ማጠቢያ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሲያይ አውጥቶ፣ አጥፎ ያስቀምጣል፤ ለሰው ማሰቡ ነው። አንድ ቀን የኮስታስን ቤት ልብስ እንዲሁ አደረገ። ኮስታስ የሚስቴን የውስጥ ልብስ ባዕድ ወንድ ነካ ብሎ ለሕንፃው አስተዳደር በጽሑፍ ከሰሰው። አስተዳዳሪው ስለ ፍስሐ ጠባይ የምስክር ወረቀት ሲጽፍልን፣ እውነተኛ ሰው ነውና፣ የዚያንም ክስ አንሥቶታል። ጠበቃዋ ይህ ይጎዳናል፣ ይህን ወረቀት ባናስገባው ይሻላል አለች። እኔ ያ በአጥር የተካሰሰው ሰው ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። አይሆንም፣ ኮስታስ ራሱ ይናገር አልኋት።

በሩን ከፍቶ ሲያየኝ ደስ አለው፤ የመጣሁበትን ስነግረው ፊቱ ቀላ። «ያ ልጅ የሚስቴን ልብስ ነካ!» አለ።

«አዎ ነካ። አጥፎም አስቀመጠው» አልሁት።

«ያውም በደንብ አላጠፈውም!»

ሚስቱ ከወጥ ቤት ሆና «ካንተ ይሻላል!» አለችው።

እኔ አልለመንሁትም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ አንተ ጠየቀኝ፤ ያ ሰውዬ ከሞተ ስንት ጊዜው ነው አለኝ። ነገርሁት። «በግራ በኩል የያዝሁት እኔ ነበርሁ» አለ። «አስታውሳለሁ፣ በቀኝ በኩል የያዘውስ?» አልሁት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ወረቀት አምጪ አለ።

የጻፈው እንዴት ያለ ነገር መሰለህ! ግማሹ ክስ ነው። ይህ ሰው በሰው ልብስ እጁን ያገባል፣ የሰው ዕቃ ሳይጠየቅ ይሸከማል፣ በጠዋት ኮሪደሩን ዳቦ ዳቦ ያሸትተዋል ይላል። ከዚያ ያንተን ወንበር ይተርካል፤ እያንዳንዱን ፎቅ፣ የት እንዳረፉ፣ ፍስሐ በየደረጃው «አይዞህ ኮስታስ» እንዳለው። ሲጨርስ እንግሊዝኛዬን አርሚልኝ ብሎ ሰጠኝ። ስሕተቱ ብዙ ነበር፤ እስክሪብቶዬም በእጄ ነበር። አንዲት ፊደል አልነካሁም። ጠበቃዋ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ከሁሉ በላይ አደረገችው። ሥር ሰድዷል ማለት ይኼ ነው አለች፤ ጎረቤቱን የሚያናድድ ሰው የዚያ ሰፈር ሰው ነው።

ወረቀቱን ካስገባን በኋላ የሚባረርበት ቀን ተቆርጦለት ነበር። ያኔ እንዴት እንደሰነበትን አልጽፍልህም። ጠበቃዋ ተሟግታ አስተላለፈችለት፤ አሁን ደግሞ ለቃል ጥያቄ ጠርተውታል። በወረቀት ብቻ ሊከለክሉት ቢፈልጉ አይጠሩትም ነበር ትላለች። እኔ ባልጨበጥሁት ነገር እልል አልልም፤ ጠባዬን ታውቀዋለህ። ነገር ግን ታዴ፣ ተስፋ አድርጌአለሁ። በጣም ተስፋ አድርጌአለሁ።

አናጢውም ተስፋ ሰጥቶኛል። በመጨረሻ ባነበብሁት ገጽ ጠርዝ ላይ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ ምሕረት ተደርጎለታል የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ያንን ነበር በአዳራሹ የጮኽሁት። ቤቱ ይድረስ አይድረስ ገና አላወቅንም፤ ምሕረቱን እንጂ መመለሻ መርከቡን አልሰጧቸውም። ኤሚሊ እየፈለገች ነው። እሱ መልሱኝ ይላል፣ ፍስሐ አትመልሱኝ ይላል፤ ግን የሚለምኑት አንድ ነገር ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ያሉበት ቦታ ልኑር ነው የሚሉት።

ስለ ቤታችን ልንገርህ ብዬ አልነገርሁህም። የመድኃኒት ጠረጴዛህን አንሥቼ በቦታው መጻሕፍቴን አድርጌአለሁ። በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋህ ለሂሩት ልጆች ሲመጡ ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ያናግሩኛል፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ እንግባባለን። መጋረጃውን ቀይሬአለሁ፤ ያ አሮጌው አንተ የወደድኸው ቢሆንም አስቀያሚ ነበር።

ሰው ሲሞት ሰዉ ሁሉ እንደተዘጋ ጉዳይ ያየዋል፤ ሐዘንሽን አውጥተሻል፣ በቃሽ ይሉኛል። ያንተ ጉዳይ ከእኔ ዘንድ አይዘጋም። እዚህ ሕንፃ ውስጥ አንተን በስምህ የሚያውቁህ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ እኔ እስካለሁ ድረስ ግን ማን እንደነበርህ፣ ምን እንደሚያስቅህ፣ በየትኛው ቃል እንደምትቆጣ እናገራለሁ። እጅ የሚይዘውን ነገር እናገራለሁ፤ «ደግ ሰው ነበር» ብዬ አላልፈውም።

ፍስሐን ለቃል ጥያቄው የሚጠሩት ነገ ጠዋት ነው። ከሁሉ በፊት ተነሥቼ ጸሎቴን አደርሳለሁ፤ ስምህንም እጠራለሁ። ከዚያ ጥቁሩን ጫማዬን እጠርጋለሁ፤ በረዶውና መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው አበላሽተውታል። ከዚያ ወርጄ የፍስሐን በር አንኳኳለሁ፤ ከረቫቱን አያለሁ፣ ጠማማ ከሆነ አስተካክላለሁ፣ ቁርስ ሳይበላ እንዳይወጣ እቆማለሁ። ከዚያ አብረን ባቡር እንይዛለን፤ በመንገድ ላይ፣ የጠየቁትን እንጂ የመሰለውን እንዳይመልስ፣ ስለ ጎረቤቶቹም ሲጠይቁት እንዳያፍር እነግረዋለሁ። መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ ከመጠበቂያው ክፍል ለበሩ ቅርብ የሆነውን ወንበር እይዛለሁ። ስሙን ሲጠሩት ከእሱ ቀድሜ እነሣለሁ።

ያንተዋ ጽጌ